ከመሀል ለሚሰማ አድማጭ፦ የሳይንስ ዜናን ለሕዝብ ሬዲዮ የማዘጋጀት የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የሳይንስ፣ የጤናና የአየር ንብረት ዜና እንዲያዘጋጁ ለተመደቡ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። የሳይንስ ዲግሪ ያለውም የሌለውም ሊጠቀምበት ይችላል። ምሳሌዎቹ መሀል አዲስ አበባ ላይ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ ባለው አካባቢ በእግርና በታክሲ እየተዘዋወረ ለሚሠራ አዘጋጅ እንዲስማሙ ሆነው የቀረቡ ሲሆን፣ እንደ መለኪያ የያዝነው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚተላለፍ የስምንት ደቂቃ ዝግጅት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አድማጩን እንወቀው። የጋዜጣ አንባቢ ያልገባውን አንቀጽ ተመልሶ ያነበዋል። የሬዲዮ አድማጭ ግን አራት ኪሎ ሚኒባስ ተሳፍሮ ስታዲየም የሚወርድ ሰው ነው፤ ሲገባ ዝግጅቱ ተጀምሮ ነበር፣ ሲወርድ ገና አላለቀም፣ በመካከሉም ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ግማሹ አምልጦታል። ይህ ሰው የያዛትን አንዲት ዐረፍተ ነገር ማታ ቤቱ ገብቶ «በሬዲዮ ተናገሩ» ብሎ ለቤተሰቡ ያወራል። ስለዚህ ግኝቱና የግኝቱ እርግጠኝነት ልክ ሳይነጣጠሉ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብረው መነገር አለባቸው። ጥንቃቄው በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ ተለይቶ ከተቀመጠ ስታዲየም ለወረደው ሰው አይደርሰውም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች ሁሉ ወደዚህ አንድ ግብ የሚያመሩ ናቸው።

እርምጃ 1፦ ዜናውን መምረጥ

የሳምንቱ ሥራ ሰኞ ጠዋት በምርጫ ይጀምራል። ምንጮቹ በጥቅሉ ሁለት ናቸው፤ የውጭ ሳይንሳዊ መጽሔቶችና የአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት።

ታላላቆቹ መጽሔቶች አንድን ጥናት ከማውጣታቸው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ለተመዘገቡ ጋዜጠኞች ይልካሉ። የሚልኩት ግን ኢምባርጎ ከሚባለው የሰዓት ገደብ ጋር ነው፤ ገደቡ ሳይደርስ ማሰራጨት ጣቢያውን ከተመዝጋቢዎች ዝርዝር ሊያሰርዘው ይችላል። «ኔቸር» ረቡዕ ረቡዕ የሚያወጣቸው ጥናቶች ገደብ የሚያበቃው ለንደን ላይ ከቀትር በኋላ በአራተኛው ሰዓት ነው፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ በሌሎቹ ወራት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። የ«ሳይንስ» መጽሔት ገደብ ሐሙስ ዕለት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሰዓት የሚቆጠር ሲሆን፣ በእኛ እንደየወቅቱ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። የምሽት ዜና 1 ሰዓት ላይ የሚያነብ ጣቢያ ይህ የአንድ ሰዓት ልዩነት ምን ያህል እንደሚያወላክፈው ያውቀዋል። ስለዚህ በየመግለጫው አናት ላይ የተጻፈውን የገደብ ሰዓት በመጣ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ቀይረው በዜና ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት። በቃል አይያዙት።

የአገር ውስጥ ዜና በዚህ ዓይነት ሥርዓት አይመጣም፤ ፍለጋ ይጠይቃል። በአራት ኪሎ ግቢ የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በጥቁር አንበሳ የሚካሄድ የሕክምና ጉባኤ፣ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ የሚያወጣው ትንበያ፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚያሰራጨው የወረርሽኝ መረጃ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ አስቀድመው ሊሰፍሩ ይገባል።

ሲመርጡ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አድማጩ ይህን ከሰማ በኋላ አንድ ነገር የተሻለ ይረዳል ወይስ ይደነግጣል ብቻ? ውጤቱ በአንድ ጥናት የቆመ ነው ወይስ ከዚህ ቀደም በሌሎችም የታየ ነው? ቡና ዕድሜ ያረዝማል፣ ቡና ልብ ይጎዳል የሚሉ ዜናዎች በየጊዜው ይመጣሉ። እኔ በአንድ ጥናት ላይ ብቻ የቆመ የቡና ዜናን ከዝርዝሩ ለማውጣት አላመነታም። ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት አገር እንዲህ ያለ ዜና ሰፊ ጆሮ ያገኛል፤ አብዛኞቹ እነዚህ ጥናቶች ግን ሰዎች ስለ አመጋገባቸው የሰጡትን መልስ ከጤናቸው ጋር ያዛመዱ እንጂ የአንዱን መንስኤነት ያሳዩ አይደሉም። ቡና የሚያዘወትረው ሰው በሌላም በብዙ ነገር ከማይጠጣው ይለያል።

አንድ ዜና አዲስ መስሎ የሚታይበትን መንገድም ይመርምሩ። በአፋር ወራንሶ ሚሌ የተገኘው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል በዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ በሚመራው ቡድን በ«ኔቸር» ላይ ይፋ የሆነው ነሐሴ 22 ቀን 2011 ሲሆን፣ ከመሬት የወጣው ግን በ2008 ነበር። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ስብርባሪውን በመገጣጠም፣ ዕድሜውን በመለካትና ከሌሎች ቅሪተ አካላት ጋር በማነጻጸር ያለፉ ናቸው። «ዛሬ ተገኘ» ብሎ ማንበብ ዜናውን ከማሳሳቱም በላይ የሥራውን ዋና ክፍል ይሰርዘዋል።

እርምጃ 2፦ ጥናቱን ራሱን ማንበብ

ዩኒቨርሲቲው ያወጣው መግለጫ የሚያገለግለው ጥናቱ የት እንዳለ ለማወቅ ነው። መግለጫውን ብቻ አንብቦ ዝግጅት መሥራት ሠርግ ሳይሄዱ የሠርጉን ሁኔታ ከሙሽራው እናት ሰምቶ እንደማውራት ነው።

ጥናቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ማንበብ የግድ አይደለም። አጽሕሮቱን፣ ማለትም በጥናቱ አናት ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ ካነበቡ በኋላ በቀጥታ ወደ አሠራር ዘዴው ይለፉ፤ ምን ወይም ማን ተጠና፣ ስንት ነበሩ፣ ከማን ጋር ተነጻጸሩ፣ ለምን ያህል ጊዜ ተከታተሏቸው የሚለውን በራስዎ ቃል ይጻፉ። ቀጥሎ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጥናቱን ውስንነት የገለጹበትን ክፍል ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ገደማ ይገኛል፣ ለቃለ መጠይቅም ምርጡን ጥያቄ የሚሰጠው እሱ ነው። በመጨረሻም ገንዘቡን ማን እንደሰጠና ማን የጥቅም ግንኙነት እንዳለው የተመዘገበበትን አንቀጽ ያንብቡ። ጥናቱ ገና በሌሎች ሳይንቲስቶች ያልተገመገመ ቅድመ ኅትመት ከሆነ ይህ በዝግጅቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ መነገር ይኖርበታል። አስቸኳይ ካልሆነ ግን መጠበቁ ይሻላል።

በጤና ዜና ላይ ጥናቱ በየትኛው ደረጃ እንዳለ መለየት የግድ ነው። በላብራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስን የገደለ ንጥረ ነገር መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ በረኪናም ይገድለዋል። ከሳህን ወደ አይጥ፣ ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረገው ጉዞ አብዛኞቹን ዕጩዎች ያስቀራል። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራም በደረጃ ነው፤ በመጀመሪያው ጥቂት ሰዎች ላይ ደኅንነቱ ይታያል፣ በሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ መጠኑና የመሥራቱ ምልክት ይፈተሻል፣ በሦስተኛው ደግሞ በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ከሌላ ሕክምና ወይም ከባዶ ክኒን ጋር ይነጻጸራል። ከአገር በቀል ዕፅዋት የተቀመሙ መድኃኒቶችን የሚመለከት ዜና ሲመጣ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ሊጠነክር ይገባዋል። የአገር ኩራት ስለሚቀላቀልበት አዘጋጁም አለቃውም ልባቸው ቀድሞ ያምናል።

ቁጥሮችን በተመለከተ በተለይ የመቶኛ ጭማሪን ይጠራጠሩ። አንድ ነገር የበሽታን ዕድል «በ50 በመቶ ይጨምራል» ሲባል ከስንት ተነሥቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ከ10 ሺህ ሰዎች 2 ሰው ይይዝ የነበረ በሽታ 3 ሰው መያዝ ቢጀምር ጭማሪው 50 በመቶ ነው፤ ከ10 ሺህ ሰዎች አንድ ሰው ተጨመረ ቢባልም ትክክል ነው። ታክሲ ውስጥ የሚያስደነግጠው የፊተኛው፣ ለአየር የሚበቃው የኋለኛው ነው።

እርምጃ 3፦ ባለሙያዎቹን ማግኘት

ለአንድ ዝግጅት ቢያንስ ሁለት ድምፅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ጥናቱን የሠራ፣ ሌላው በዚያው ሙያ ያለና በጥናቱ ውስጥ እጁ የሌለበት። ሁለተኛው ሰው ሊቃወም የተጠራ አይደለም። ሥራው ውጤቱ ከቀድሞው ዕውቀት አንጻር ምን ያህል እንደሚመዝን መንገር ነው። ጊዜ አጥሮ አንዱን መተው ግድ ከሆነ የጥናቱን ባለቤት ተወት ማድረግ ይቀላል፤ እሱ ያለው ነገር በጽሑፍ አለና።

መሀል ከተማ መሆን በዚህ ረገድ ትልቅ ዕድል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የሥነ ሕይወትና የሥነ ምድር መምህራን አራት ኪሎ ግቢ ይገኛሉ፤ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ርዕደ መሬት ሲመዘግብ የኖረው የጂኦፊዚክስ ተቋምም እዚያው ነው። ኢንጂነሮቹ አምስት ኪሎ፣ የሕክምና መምህራኑ ጥቁር አንበሳ ናቸው። ድንቅነሽ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም ከአራት ኪሎ ብዙ አይርቅም። ጉለሌ ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ግን የግማሽ ቀን ጉዞ ተደርገው ይታሰቡ።

የመንግሥት ተቋም ባለሙያ ብዙ ጊዜ ያለ ሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ፈቃድ ድምፁን አይሰጥም። ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ሰኞ ከሰዓት በፊት ይግባ፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት እያለ ባለሙያውን በስልክ አግኝቶ ስለ ጉዳዩ መረዳት ግን የሚከለክለው የለም። ይህ የስልክ ንግግር ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰውየው በአማርኛ ማስረዳት ይሆንለት እንደሆነና ጉዳዩ በእርግጥ የእሱ ሙያ መሆኑን ያሳያል። የልብ ሐኪም ስለ ክትባት፣ የአየር ትንበያ ባለሙያ ስለ እሳተ ገሞራ በልበ ሙሉነት ሲናገሩ መስማት የተለመደ ነው፤ «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ የሙያ ወሰንን አይነግርም።

በአየር ላይ ባለሙያን በአንቱታ ማነጋገር ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ደንብ ነው። የውጭ አገር መግለጫዎች ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶችን በአባታቸው ስም ብቻ ሲጠሩ ይታያል፤ ያንን እንዳለ አምጥቶ ማንበብ የልጁን ሥራ ለአባቱ መስጠት ስለሆነ፣ ለምሳሌ የቅሪተ አካል ተመራማሪውን ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድን በመጀመሪያው ጥሪ በሙሉ ስም፣ ከዚያ በኋላ «ዶክተር ዘረሰናይ» ብለው ይጥሩ።

እርምጃ 4፦ ቀረጻ

መሀል አዲስ አበባ ለጆሮ ጸጥ ያለ ከተማ አይደለችም። የታክሲ ረዳቶች ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የግንባታ መዶሻ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር፣ በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉም ማይክ ውስጥ ይገባሉ። ቀጠሮዎን ከተቻለ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያድርጉት፤ በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቃለ መጠይቅ አይያዙ። ቢሮው መንገድ ዳር ከሆነ መጻሕፍት የሞሉበትን ክፍል ይጠይቁ፤ መደርደሪያና መጋረጃ ገደል ማሚቶን ይቀንሳሉ። ማይኩን ከባለሙያው አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለው ይያዙ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ይቅረጹ፤ በቅንብር ጊዜ ቁርጦቹን የሚሸፍነው እሱ ነው።

ውጭ አገር ያለ ተመራማሪ ሲሆን የስልክ መስመሩን ጥራት አይመኑ። ጥያቄዎን በስልክ እየጠየቁ እሱ የራሱን ድምፅ በራሱ ስልክ እንዲቀርጽና ከዚያ በቴሌግራም በፋይል መልክ እንዲልክ ያስማሙት፤ በድምፅ መልእክት መልክ ከተላከ ግን ታምቆ ጥራቱ ይወርዳል።

ጥያቄዎቹ አጭር ይሁኑ። የማይቀሩት ሦስት ናቸው፦ ይህን እንዴት አወቃችሁ? ጥናቱ ያልመለሰው ምንድን ነው? ምን ዓይነት ማስረጃ ቢመጣ ሐሳብዎን ይቀይራሉ? ከእነዚህ ሁሉ ፍሬ የሚሰጠው ሦስተኛው ነው፤ ጥሩ ሳይንቲስት ደስ ብሎት ይመልሰዋል፣ የሚቆጣው ደግሞ በቁጣው ይነግርዎታል።

ባለሙያዎቻችን የተማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ መልሳቸው በእንግሊዝኛ ቃላት መሞላቱ አይቀርም። በመካከል አያቋርጧቸው፣ አያሳፍሯቸውም። እስኪጨርሱ ጠብቀው «ይህን ሐሳብ አንድ ጊዜ ደግመው ቢነግሩኝ፣ በሥራው ላይ ምን እንደምታደርጉ እያሳዩኝ» ብለው ይጠይቁ። ሰው እጁ የሚሠራውን ሲገልጽ ወደ አማርኛው ይመለሳል። «ቫይረስ»፣ «ጂን»፣ «ሳተላይት» የመሳሰሉትን ግን እንዳሉ ይተዉአቸው፤ አድማጩ የሚያውቀውን ቃል አውጥቶ የማያውቀውን አማርኛ ማስገባት ማስረዳት አይደለም።

እርምጃ 5፦ ለጆሮ መጻፍ

ዝግጅቱ የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ፍርዱን መጨረሻው ላይ ባለው ግሥ ይሰጣል፤ አዎንታውና አሉታው፣ እርግጡና ጥርጣሬው እዚያ ነው ያሉት። አንባቢ ዓይኑ ወደ ነጥቡ ቀድሞ ስለሚሄድ ረጅም ዐረፍተ ነገር አያስቸግረውም፣ አድማጭ ግን የሚጠብቀው በጆሮው ተሸክሞ ነው። ለማሳያ የተፈጠረ አንድ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ለአምስት ዓመታት ባካሄዱት ጥናት ከእርድ የሚገኝ ንጥረ ነገር የመርሳት በሽታን ይፈውሳል የሚለውን እምነት የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ አስታወቁ።» በጽሑፍ እንከን የለበትም። ታክሲ ውስጥ ግን «እርድ የመርሳት በሽታን ይፈውሳል» ሆኖ ይወርዳል። በሬዲዮ እንዲህ ይጻፋል፦ «እርድ የመርሳት በሽታን መፈወሱ አልተረጋገጠም። ጥናቱ የተካሄደው በአይጦች ላይ ነው። ጥናቱ በሰው ላይ የተደረገ አይደለም።» ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች የትኛውንም ነጥሎ የሰማ ሰው የተሳሳተ ነገር ይዞ አይወርድም። የጽሑፍዎ መፈተኛ ይህ ይሁን፤ ማንኛውንም ዐረፍተ ነገር ከመሀል መዝዘው ለብቻው ያንብቡት።

ግሦቹን በደረጃ ያስቀምጡ። «ጠቆመ» ለመጀመሪያ ምልክት፣ «አመለከተ» ለአንድ በሚገባ ለተሠራ ጥናት፣ «አሳየ» በተለያዩ ቡድኖች ለተደጋገመ ውጤት ይሁን። «አረጋገጠ» የሚለው ብዙ ማስረጃ ተከማችቶ ባለሙያዎች ለተስማሙበት ይቆይ። የዜና ክፍላችን «ተመራማሪዎች አረጋገጡ» የሚለውን እንደ ሰላምታ ስለለመደው፣ ይህን ደንብ በጽሑፍ አስፍሮ ከዋና አዘጋጁ ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ እርስዎ «አመለከተ» ያሉት በርዕሰ ዜና ላይ «አረጋገጠ» ሆኖ ይነበባል።

በአንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ቁጥር በላይ አይኑር። የድንቅነሽን ዕድሜ «ሦስት ነጥብ አንድ ስምንት ሚሊዮን» ከማለት «ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ዓመት ገደማ» ማለት ለጆሮ ይቀላል። የዘመን አቆጣጠር ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው፤ የውጭው ጽሑፍ 1974 ይላል፤ ሁለቱን ያደባለቀ ዝግጅት የሰባት ዓመት ስሕተት በአየር ይለቃል። በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፤ የአውሮፓውያኑን መጥቀስ ግድ ሲሆን በግልጽ ይሰይሙት።

ዕድልን የሚገልጹ ቁጥሮች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። የወቅት ትንበያ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድል በመቶኛ ተከፋፍሎ ነው። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ማለት ዝናቡ በ45 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ከሦስቱ የተሻለ ዕድል ያለው ይህ ነው፣ ሌሎቹ ግን አልተዘጉም ማለት ነው። ገበሬው ዘር የሚገዛው ይህን ሰምቶ ስለሆነ «ድርቅ ሊመጣ ነው» በሚል ርዕስ ሊጠቀለል አይገባም። ኤልኒኖን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ወገብ መሞቅ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ የማሳነስ ዝንባሌ አለው፤ ዝንባሌ መሆኑ ግን በየጊዜው ይነገር።

ድባብ ለመፍጠር የሚጻፉ መግለጫዎችም ይጣራሉ። ከብሔራዊ ሙዚየም የሚዘግብ አዘጋጅ «ከፊቴ የድንቅነሽ አጽም ተዘርግቷል» ብሎ ከመጻፉ በፊት የሚያየው ቅጂ ይሁን ኦሪጅናል ይጠይቅ፤ ለጎብኚ የሚታየው በአብዛኛው ቅጂው ሲሆን ኦሪጅናሉ በጥበቃ ሥር ይቀመጣል። ከአጽሟ የተገኘውም 40 በመቶ ያህሉ ነው።

እርምጃ 6፦ ማጣራትና ማቀናበር

ጽሑፉ ሲያልቅ እያንዳንዱን ቁጥር፣ ስምና ማዕረግ በቀለም አስምረው ምንጩን በጎኑ ይጻፉ። የባለሙያውን ሐሳብ በራስዎ ቃል የገለጹባቸውን ዐረፍተ ነገሮች በስልክ ያንብቡለትና ስሕተት ካለ ይጠይቁት። ሙሉውን ጽሑፍ ግን አይላኩ፤ ከላኩት ተቋሙ እንደ ራሱ መግለጫ ያርመዋል፣ የሁለተኛውም ባለሙያ አስተያየት በዚያው ይለዝባል።

ከዚያ ጽሑፉን ድምፅ አውጥተው፣ ሰዓት ይዘው ያንብቡ። ስምንት ደቂቃ ሲበዛ የሚቀነሰው ጥንቃቄው ሳይሆን ታሪኩ ይሁን፤ የቅንብር ባለሙያው መቁረጥ የሚወደው «ነገር ግን» ከሚለው ቃል ጀምሮ ያለውን ስለሆነ፣ ከማይቆረጠው ጋር የተሰፋ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት። በድምፅ መሥሪያው ላይ ከንግግሩ ሥር የሚሰማ ሙዚቃን በቁጠባ ይጠቀሙ፤ በታክሲ ድምፅ ማጉያ ንግግሩን ይውጠዋል።

እርምጃ 7፦ በአስቸኳይ ጊዜ

ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በአካባቢው ተደጋግሞ የደረሰው ርዕደ መሬት አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል፤ የካቲት 7 ቀን 2017 የደረሰው መጠኑ 6.0 ሆኖ ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ሌሊት የሳምንቱ ሥርዓት አይሠራም፤ የሚሠራው አስቀድሞ የተዘጋጀ ገጽ ነው። ገጹ ላይ የአራት ኪሎው ተቋም ተረኛ ባለሙያ፣ የአደጋ መከላከል ኃላፊና የአንድ ሕንፃ ኢንጂነር ስልክ፣ እንዲሁም ለመጀመሪያው ደቂቃ የሚነበብ ጽሑፍ ይኑር። ያ ጽሑፍ የሚናገረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ንዝረት መሰማቱን፣ መጠኑና ቦታው ገና እየተጣራ መሆኑን፣ ሰው አሁን ምን እንደሚያደርግ። ቤት ውስጥ ያለ ከመስኮት ይራቅ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግባ፣ አሳንሰር አይጠቀም፤ ውጭ ያለ ከሕንፃና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቅ።

የመጠኑ ቁጥር ከተለያዩ ተቋማት ተለያይቶ ይመጣል፤ አንዱ 5.5 ሌላው 5.7 ቢል የተለያዩ ጣቢያዎችንና ስሌቶችን ስለሚጠቀሙ ነው እንጂ የሚደብቁት ነገር ስላለ አይደለም። የአንዱን ከነስሙ ይጥቀሱ፣ ሊሻሻል እንደሚችል ይጨምሩ። «በሬክተር ስኬል» የሚለውን የተለመደ ሐረግ መተው ይቻላል፤ ዛሬ ለትልልቅ ርዕደ መሬቶች የሚሠራበት ሌላ መለኪያ ስለሆነ «መጠኑ 5.7 የሆነ» ማለት በቂና ትክክል ነው። አድማጩ ከ5 ወደ 6 መሄድ ጥቂት ጭማሪ ስለሚመስለው፣ በአንድ ቁጥር ልዩነት የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ያስረዱ። አንድ ርዕደ መሬት ያለው መጠን አንድ ሲሆን፣ በየቦታው የሚሰማው ንዝረት ግን እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ሕንፃው ይለያያል፤ የኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ያለ ሰው ምድር ቤት ካለው ጎረቤቱ ይበልጥ የደነገጠው ለዚህ ነው።

ከዚያው ሌሊት ጀምሮ በቴሌግራም «ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል ወሬ ይዞራል። የርዕደ መሬትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ማንም የለም። ወሬውን በአየር ላይ ሲያስተባብሉ ሰዓቱን ደግመው አይጥሩት፤ ከመሀል የሰማ ሰው የሚይዘው ሰዓቱን ነው። «ርዕደ መሬት የሚመጣበትን ሰዓት ማወቅ አይቻልም፤ ሰዓት የሚጠቅስ ማንኛውም መልእክት ሐሰት ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይበቃል፣ በየሩብ ሰዓቱም ይደገም። ተከታይ ንዝረቶች ሊኖሩ እንደሚችሉ መናገር ግን ትንበያ ሳይሆን የታወቀ ጠባያቸውን መግለጽ ስለሆነ አይተው።

እርምጃ 8፦ እርማት

ስሕተት ሲገኝ እርማቱ በዚያው ዝግጅት፣ በዚያው ሰዓት፣ በመግቢያው ላይ ይነበብ። ትክክለኛው ነገር ይቅደም፤ የተሳሳተው ደግሞ ግድ ካልሆነ በቀር አይደገም። ዝግጅቱ በጣቢያው ቴሌግራም ወይም ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ከሆነ ፋይሉ ተስተካክሎ ይተካ፣ የተተካበትም ምክንያት ከሥሩ ይጻፍ። ጥሬ ቀረጻዎቹን ከጥናቱ ቅጂና ከተሰመረበት ጽሑፍ ጋር በአንድ አቃፊ፣ በቀኑና በባለሙያው ስም ሰይመው በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ከወራት በኋላ «እንዲህ አላልኩም» የሚል ስልክ ሲደወል የሚከፈተው ያ አቃፊ ነው።